ውሃ የጠጣ ግድግዳ፦ ለስላሳ ነገሮች ሳይፋተጉ እንዴት ይንሸራተታሉ?

እንደምን አመሻችሁ።

ውሃ መጥፎ ቅባት ነው። ከዚህ ልጀምር። አንድ ፈሳሽ ሁለት ነገሮችን ለያይቶ እንዲይዝ ከተፈለገ ቶሎ መሸሽ የለበትም። ዝልግልግ መሆን አለበት። የውሃ ዝልግልግነት በክፍል ሙቀት 0.001 ፓስካል ሰከንድ ያህል ነው። የተለመደ የማሽን ዘይት ወደ 100 እጥፍ ይበልጠዋል። በሁለት ብረቶች መካከል ውሃ ብታፈሱ ውሃው ወዲያው ተጨምቆ ይወጣል። ብረት ከብረት ይፋተጋል። ዝገቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ዓይናችሁን አንዴ ጨፈን፣ ገለጥ አድርጉ። የዓይን ሽፋናችሁ በሰከንድ 100 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ፍጥነት ወርዶ ወጣ። ከሥሩ የነበረው እንባ ውፍረቱ 3 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። እንባ ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ይሄን በደቂቃ ወደ 15 ጊዜ ስታደርጉት ትውላላችሁ፤ አይታወቃችሁም እንኳ።

ጉልበትም እንዲሁ ነው። የአጥንቶቹ ጫፍ በልም አጥንት ተሸፍኗል፤ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት ማለት ነው። የጤናማ ልም አጥንት የሰበቃ መጠን ከ0.001 እስከ 0.02 ይደርሳል። ይህ ቁጥር የሚለው፣ አንድን ነገር ለማንሸራተት ከክብደቱ ምን ያህል ክፍልፋይ ጉልበት እንደሚያስፈልግ ነው። 0.01 ከሆነ 100 ኪሎ የሚመዝነውን ነገር አንድ ኪሎ በምታነሱበት ጉልበት ትገፉታላችሁ። በመጥበሻ ላይ የምናውቀው ቴፍሎን እንኳ በተለመደው ሁኔታ ከ0.04 ብዙም አይወርድም። የጉልበት መገጣጠሚያ ግን ይህን የሚሠራው በጥቂት ሚሊሊትር ውሃማ ፈሳሽ ነው፤ ያውም ለአሥርተ ዓመታት።

እንዴት? የዛሬው ጨዋታችን ይሄ ነው። መልሱ ፈሳሹ ውስጥ ብቻ ብትፈልጉት አይገኝም። ግማሹ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። ግድግዳው ለስላሳ ነው፣ ደግሞም ራሱ ውሃ ጠጥቷል። ለስላሳነቱ አንድ ነገር ይሰጠናል። ውሃ መጠጣቱ ግን ነገሩን ሁሉ ይገለብጠዋል።

መጀመሪያ ስለ ጠንካራው ዓለም ትንሽ ልበል። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በ1883 ቢቻም ታወር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለአገሩ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በባቡር ኩሽኔታ ላይ ሙከራ እያደረገ ነበር። ዘይት ለማስገባት ከኩሽኔታው አናት ላይ ቀዳዳ በሳ። አክሰሉ መዞር ሲጀምር ዘይቱ እንደመግባት ፈንታ በቀዳዳው ሽቅብ ይወጣ ጀመር። ታወር በቡሽ ወተፈው። ቡሹ ተፈናጥሮ ወጣ። በእንጨት ወተፈው። እንጨቱም ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ገጠመለት። መለኪያው እስከ 200 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች ያነብ ነበር፤ መርፌው ከዚያም አለፈ። አክሰሉ ላይ ያረፈው ጭነት ግን በአማካይ የዚህ ግማሽ ነበር።

ይቺ የቡሽ ነገር ስትታይ ቀላል ትመስላለች። ግን ትልቅ ነገር ተናግራለች። ጭነቱን ተሸክሞ የነበረው ዘይቱ ነው። ብረቱ ብረቱን አልነካም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ኦስቦርን ሬይኖልድስ ምክንያቱን በሒሳብ አስቀመጠው። የሚንቀሳቀሰው ገጽ ፈሳሹን እየጎተተ ያስገባል። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ከሆነ፣ ማለትም ክፍተቱ እንደ ሽብልቅ ከጠበበ፣ የገባው ሁሉ በቀላሉ መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ግፊት ይፈጠራል። ግፊቱ ጭነቱን ያነሳል። ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፦ እንቅስቃሴ፣ ዝልግልግነትና ሽብልቅ። ዛሬም በየማሽኑ ያሉ ኩሽኔታዎች የሚነደፉት በዚሁ እኩልታ ነው።

ሬይኖልድስ ግድግዳዎቹ ቅርጻቸውን እንደማይለውጡና ፈሳሽ እንደማያሳልፉ አድርጎ ነው ያሰላው። ለባቡር አክሰል ልክ ነው። ለጉልበት ግን ሁለቱም ሐሳቦች ይወድቃሉ። ከመጀመሪያው እንጀምር።

ራዲየሱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ሉል አስቡ። ዝርግ ነገር ላይ አስቀምጡትና በ10 ግራም ክብደት ያህል ጫኑት። ሉሉም ዝርጉም ብረት ከሆኑ የሚነካኩበት ክብ ራዲየስ 19 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ግፊቱ በአማካይ ወደ 90 ሜጋፓስካል ይወጣል። እንግዲህ ብረቱን በጄል፣ ማለትም ውሃ በጠጣ ለስላሳ ነገር፣ ተኩት፤ ግትርነቱ በሜጋፓስካል አካባቢ የሆነ። ጭነቱ ያው 10 ግራም ነው። አሁን የሚነካኩበት ራዲየስ ከአንድ ሚሊሜትር ይበልጣል። ግፊቱ ወደ 24 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ወደ 4,000 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው፣ ምንም ነገር ሳናነሳ።

በዚህ ላይ ውሃ ጨምሩና በሰከንድ 100 ሚሊሜትር ፍጥነት አንሸራትቱት። በርናርድ ሃምሮክና ዳንከን ዳውሰን በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ለለስላሳ ነገሮች ያወጡት ቀመር አለ። በዚያ ሲሰላ በጄሉ ላይ የሚፈጠረው የውሃ ሽፋን ውፍረቱ ሦስት አራተኛ ማይክሮን ገደማ ነው። በብረቱ ላይ ደግሞ ሦስት ናኖሜትር ገደማ፤ ናኖሜትር የማይክሮን አንድ ሺህኛ ነው። በደንብ የተወለወለ ብረት እንኳ ሸካራነቱ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ብረቱ ላይ ሽፋን አለ ማለት አይቻልም። ጄሉ ላይ ግን አለ። ፈሳሹ ያው ውሃ፣ ጭነቱና ፍጥነቱ ያው። የተለወጠው ግድግዳው ብቻ ነው።

ከቀመሩ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርጉት ሽፋኑ በ57 በመቶ ያህል ይወፍራል። ጭነቱን እጥፍ ብታደርጉት ግን የሚሳሳው በ14 በመቶ ብቻ ነው። ለስላሳ ነገር ሲጫኑት ዘርጋ ይላል፤ ተጨማሪውን ጭነት በተጨማሪ ስፋት ይቀበለዋል። ደረጃ ስትወርዱ በጉልበታችሁ ላይ የሚያርፈው ጭነት ከሰውነታችሁ ክብደት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሽፋኑ ግን ለጭነት እንዲህ በቀላሉ አይደነግጥም።

ሸካራነትም በለስላሳ ገጽ ላይ ያን ያህል አያስፈራም። ልም አጥንት ሲነካ ልስልስ ቢልም በማይክሮን ደረጃ ጉብታ አለው። ጉብታዎቹ ከሽፋኑ ውፍረት ጋር ይቀራረባሉ፣ አንዳንዴም ይበልጣሉ። በዚህ ስሌት ከሄድን መፋተግ ነበረባቸው። ዳውሰንና ዦንግሚን ጂን በ1986 ያሳዩት ግን፣ በጉብታው አናት ላይ የሚፈጠረው ትንሽ የግፊት ጭማሪ ጉብታውን ራሱን ደፍጥጦት እንደሚያልፍ ነው። ብረት ላይ ቢሆን ጉብታው ፈሳሹን ቀድዶ ያልፍ ነበር። እዚህ ፈሳሹ ጉብታውን ያስተኛዋል።

እስካሁን ያልኩት ለጎማም ይሠራል። ከመርከብ ቅርፊት ወጥቶ ፕሮፔለር የሚያዞረው ዘንግ በብዙ መርከቦች ላይ በጎማ ኩሽኔታ ውስጥ ነው የሚዞረው፤ ቅባቱም በዙሪያው ያለው ውሃ ነው። ጎማ ለስላሳ ነው፣ ግን ውሃ በውስጡ አያዘዋውርም። እዚያ ላይ የሬይኖልድስ ሐሳብ ትንሽ ተሻሽሎ ይበቃል።

ውሃ የሚጠጣ ነገር ሲመጣ ነው ጉዱ የሚፈላው።

ልም አጥንት ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው የኮላጅን ክርና በክሮቹ መካከል የታሰሩ፣ ውሃ የሚስቡ ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው። የደም ሥር የለውም። ነርቭም የለውም። ውፍረቱ በጉልበትና በዳሌ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ ጥያቄው፦ ሁለት እንዲህ ያሉ ነገሮች ሲጫኑ ውሃው ወዴት ይሄዳል? በመካከላቸው ያለው ፈሳሽ ወደ ግድግዳው ይገባል ወይስ ከግድግዳው ወደ መካከል ይወጣል?

ይህ ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት አጨቃጭቋል። በ1932 ማክኮኔይል የሚባል የአናቶሚ ሊቅ መገጣጠሚያ ልክ እንደ ማሽን ኩሽኔታ በሽብልቅ ይሠራል አለ። ያኔ የሬይኖልድስ ሐሳብ የገነነበት ጊዜ ነው። ጆን ቻርንሊ፣ የዳሌ ቀዶ ሕክምናን የለወጠው እንግሊዛዊ ሐኪም፣ አልተስማማም። መገጣጠሚያ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ቀስ ይላል፣ ይቆማል። ሽብልቅ ደግሞ ያለማቋረጥ መዞር ይፈልጋል። ስለዚህ የሚያንሸራትተው የልም አጥንቱ ገጽ ራሱ ነው ብሎ ደመደመ።

ክርክሩ በወረቀት ብቻ አልቀረም። ቻርንሊ ከዚህ ተነስቶ፣ በሰው ሠራሽ ዳሌ ውስጥ የተፈጥሮን ቅባት መመለስ ስለማይቻል በራሱ የሚያንሸራትት ነገር እንምረጥ አለ። ቴፍሎን መረጠ። ቴፍሎኑ በእርግጥ አንሸራተተ፤ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተበላ አለቀ። ሕመምተኞቹ እንደገና መከፈት ነበረባቸው። በ1962 ወደ ፖሊኢትሊን ዞረ። ዛሬም ድረስ በብዙ ሰው ሠራሽ ዳሌዎች ውስጥ ያለው የዚያ ፕላስቲክ ዘር ነው። ሰበቃው ዝቅ ያለ ሁሉ አይበላም ማለት እንዳልሆነ ዓለም የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ። በ1959 ቻርልስ ማከቸን ፍጹም ሌላ ሐሳብ አመጣ። ልም አጥንት በውሃ የተሞላ ስፖንጅ ነው አለ፤ ግን ቀዳዳዎቹ እጅግ ጠባብ የሆኑ ስፖንጅ። ስትጫኑት ውሃው ቶሎ ማምለጥ ስለማይችል ውስጥ ሆኖ ግፊት ይፈጥራል፣ ጭነቱንም ይሸከማል። እየቆየም እንደ እንባ ወደ ገጹ ይወጣል። በ1968 ደግሞ ፒተር ዎከር፣ ዳውሰንና ባልደረቦቻቸው ተቃራኒውን አሉ። ገጾቹ ሲቀራረቡ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውሃ ወደ ልም አጥንቱ ይገባል፤ በፈሳሹ ውስጥ ያሉት ትልልቅ የሃያሉሮኒክ አሲድ ሞለኪውሎች ግን በቀዳዳዎቹ ስለማያልፉ እዚያው ይቀራሉ። የቀረው ፈሳሽ እየወፈረ ይሄዳል። የበለጠ ዝልግልግ፣ የበለጠ ቅባት።

አንዱ ውሃው ይወጣል ይላል፣ ሌላው ይገባል ይላል። ሁለቱም ብልህ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ሙከራ አላቸው። በእኔ እይታ ሁለቱም ትክክለኛ ነገር አይተዋል፤ ግን በተለያየ ቦታና በተለያየ ሰዓት ላይ። ውሃ የሚሄደው ግፊት ከበዛበት ወደ ቀነሰበት ነው። በመካከሉ ያለው ፈሳሽ ግፊት ከግድግዳው ውስጥ ካለው ከበለጠ ይገባል። ካነሰ ይወጣል። እኩል ከሆኑ ደግሞ የትም አይሄድም። አንድ መገጣጠሚያ ላይ በአንድ እርምጃ ውስጥ ሦስቱም በተለያየ ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ «ሽፋኑ ምን ያህል ውፍረት አለው?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ አቅም ያጣል። የሚሻለው ጥያቄ «ጭነቱን የተሸከመው ማን ነው?» የሚለው ነው። ቫን ሞውና ባልደረቦቹ በ1980 ይህን ወደ ሒሳብ አወረዱት። ልም አጥንትን እንደ ሁለት ነገር ቆጠሩት፤ አንዱ ጠጣር መረብ፣ ሌላው በመረቡ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ፈሳሽ። ጭነቱን ሁለቱ ይካፈሉታል። ድርሻቸው በጊዜ ይለዋወጣል።

ልክ እንደተጫነ፣ ጤናማ ልም አጥንት ውስጥ ፈሳሹ ከጭነቱ 90 በመቶ ያህሉን ይሸከማል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ይህን የጄራርድ አቴሺያን ቡድን በሙከራ አሳይቷል። ፈሳሽ የተሸከመው ጭነት ሰበቃ አይፈጥርም ለማለት ይቻላል። ሰበቃ የሚመጣው ጠጣር ከጠጣር በሚነካካበት በቀረው ክፍል ብቻ ነው። እንግዲህ አስሉት፦ ደረቁ መነካካት ለብቻው 0.2 ሰበቃ ቢኖረው፣ ፈሳሹ 90 በመቶ ሲሸከም የምንለካው 0.02 ይሆናል። ገጾቹ ተነካክተው እያለ ማለት ነው! ሙሉ የፈሳሽ ሽፋን አላስፈለገም። ፈሳሹ በግድግዳው ውስጥ ሆኖ ሥራውን ሠርቷል።

ፈሳሹ ለምን ይሄን ያህል ይሸከማል? አንዱ ምክንያት ጠባብ ቀዳዳው ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ያማረው እሱ ነው። የኮላጅን ክሮች ሲጨመቁ ልፍስፍስ ናቸው፤ ሲሳቡ ግን ግትር ናቸው። ከላይ ስትጫኑት ልም አጥንቱ ወደ ጎን መስፋት ይፈልጋል። ወደ ጎን ለመስፋት ክሮቹ መሳብ አለባቸው። ክሮቹ እምቢ ይላሉ። ፈሳሹ ወደ ታች በአጥንት፣ ወደ ጎን በክር ተይዞ ይቀራል። መሸሻ ሲያጣ ይሸከማል። ተራ ስፖንጅ ይህ የለውም። ተራ ጄልም የለውም። ሰው ሠራሽ ልም አጥንት ለመሥራት የሚደክሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው።

ግን ፈሳሹ ለዘላለም አይቆይም። ምን ያህል ይቆያል? በልም አጥንት ውስጥ ግፊት የሚሰራጭበት ፍጥነት በግምት በሰከንድ አንድ ሺህኛ ካሬ ሚሊሜትር ነው። የመነካኪያው ራዲየስ አንድ ሚሊሜትር ከሆነ ፈሳሹ ለማምለጥ 1,000 ሰከንድ ይፈልጋል፤ 17 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ራዲየሱ አምስት ሚሊሜትር ከሆነ ጊዜው 25 እጥፍ ይሆናል፤ ወደ ሰባት ሰዓት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ትልቅ መገጣጠሚያ ከትንሽ ናሙና ጋር በጭራሽ የማይወዳደረው ለዚህ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ በደንብ ይታያል። በ1996 ፎርስተርና ፊሸር ልም አጥንትን በብረት ላይ አድርገው፣ ሳያንቀሳቅሱ ለተለያየ ጊዜ ጫኑት፤ ከዚያ አንሸራተቱት። በቆየ ቁጥር ሰበቃው ከፍ አለ። መጀመሪያ ዝቅተኛ የነበረው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ብዙ እጥፍ ሆነ። ውሃው እየሄደ ነው፣ ጭነቱ ወደ መረቡ እየዞረ ነው።

አንድ ዓይነት ነገር ግን ከዚህ ያመልጣል። መነካኪያው ራሱ ቦታ የሚቀያይር ከሆነ። በአንድ ነጥብ ላይ ጭነቱ ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ አርፎ ቢያልፍ፣ 1,000 ሰከንድ የሚፈልገው ፈሳሽ ምን ጊዜ አግኝቶ ይወጣል? 10,000 እጥፍ ይቀድመዋል። ጭነቱ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ልም አጥንቱ የጎደለችውን ትንሽ ውሃ ይጠጣል። ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ በከፊል የሚሆነው ይህ ነው።

በከፊል አልኩ። ሁልጊዜ የተጫነ ቦታም አለ። ለምሳሌ በዳሌ ላይ የአንደኛው ገጽ አንድ ክፍል በእያንዳንዱ እርምጃ ይጫናል። በእነዚህ ስሌቶች መሠረት እዚያ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ማለቅ ነበረበት። አያልቅም። ለምን?

በ2017 በአሜሪካ ደላዌር ዩኒቨርሲቲ አክሰል ሙርና ዴቪድ በሪስ ያወጡት ሥራ ደስ የሚል መልስ ሰጠ። ሰፋ ያለና ጎበጥ ያለ የልም አጥንት ቁራጭ ወሰዱ። በጨው ውሃ ውስጥ በመስታወት ላይ ጫኑት። መነካኪያው ቦታ አይቀይርም፣ ሁልጊዜ ተጭኗል። እንደተጠበቀው እየሳሳ ሄደ። ከዚያ በእግር ጉዞ ወቅት ከሚጠበቀው ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት አንሸራተቱት። ጭነቱ ሳይነሳ ልም አጥንቱ መልሶ ወፈረ! ሰበቃውም ወረደ። ሲያቆሙት እንደገና ሳሳ። ሲያንሸራትቱት እንደገና ወፈረ።

ማን አስገባው ውሃውን? የሬይኖልድስ ሽብልቅ። የጎበጠው ቁራጭ ጠርዝ ላይ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። እንቅስቃሴው ውሃ ወደዚያ ይጎትታል። ግፊት ይፈጠራል። ግፊቱ ሁለቱን ገጾች ሙሉ ለሙሉ ለማንሳት ላይበቃ ይችላል፤ ውሃን ወደ ግድግዳው ለመመለስ ግን ይበቃል። የ1886ቱ ሐሳብ ሥራ ፈት አልነበረም። ሥራ ቀይሮ ነው።

ይህ ለምን ቀድሞ አልታየም? ለሙከራ እንዲመች ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ ክብ፣ ዝርግ ቁራጭ ነበር የሚቆርጡት። ዝርግ ቁራጭ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ሽብልቅ የለውም። ለመለካት ሲያመቻቹት ዋናውን ነገር አብረው ቆርጠው ጥለውታል።

አሁን ወደ ሰው ሠራሾቹ፣ ወደ ሃይድሮጄሎች ልለፍ። ሃይድሮጄል ማለት ውሃ ጠጥቶ ያበጠ የፖሊመር፣ ማለትም የረጃጅም ሞለኪውሎች፣ መረብ ነው። የቼኮስሎቫኪያ ኬሚስቶቹ ኦቶ ቪክቴርሌና ድራሆስላቭ ሊም በ1960 ለሰውነት የሚስማማ ጄል እንዳገኙ አስታወቁ። ቪክቴርሌ ከዚህ ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ለመሥራት ፈለገ፤ አለቆቹ ግን አልተዋጠላቸውም። በ1961 የገና ሰሞን ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ የልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻና የብስክሌት ዲናሞ አገናኝቶ የሚሽከረከር ማሽን ሠራ። የመጀመሪያዎቹን ሌንሶች በዚያ አወጣ። ያ ጄል 38 በመቶ ያህሉ ውሃ ነበር። ዛሬ ውስጡ 33 በመቶ፣ ላዩ ግን ከ80 በመቶ በላይ ውሃ የሆነ ሌንስ ገበያ ላይ አለ። የዓይን ሽፋኑ የሚያገኘው ላዩን ብቻ ስለሆነ ብልጥ አሠራር ነው።

የሌንስ ፈተናው ከጉልበት ይለያል። ግፊቱ ትንሽ ነው፣ ጥቂት ኪሎፓስካል። ፍጥነቱ ጥሩ ነው። በእርግብታው መሀል የፈሳሽ ሽፋን በደንብ ይፈጠራል። ችግሩ ጫፎቹ ላይ ነው። የዓይን ሽፋኑ ሲወርድ መጨረሻ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይጀምራል። ፍጥነቱ ዜሮ በሚሆንባት ቅጽበት ሽብልቁ ይጠፋል። የተረፈው ፈሳሽ ተጨምቆ እስኪወጣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ለስላሳ ገጽ መሀሉ ላይ ሰርጎድ ስለሚል ትንሽ ውሃ አጥሮ ያስቀራል። ይህ ካልበቃ ግን የሚያድነው የጄሉ ገጽ ራሱ ነው።

ስለዚህ ገጽ ብዙ የገባን በቅርብ ነው። በጃፓን ሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ጂያን ፒንግ ጎንግና ባልደረቦቿ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጄል ሰበቃ በትምህርት ቤት የተማርነውን ሕግ እንደማይከተል አሳዩ። ሰበቃው ከጭነቱ ጋር በቀጥታ አይጨምርም። የሁለቱ ገጾች ኤሌክትሪካዊ ጠባይም ይወስናል። ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ካላቸው ይገፋፋሉ፣ በመካከላቸው ውሃ ይቀራል፣ ሰበቃው ወደ 0.001 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ከተሳሳቡ ደግሞ ይጣበቃሉ። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሁለት አንድ ዓይነት ጄሎችን እርስ በርስ አንሸራተቱ። በዝቅተኛ ፍጥነት ሰበቃውን የሚወስነው የመረቡ ቀዳዳ ስፋት ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ በናኖሜትር የሚቆጠር ነው። መረቡ ሰፋ ሲል ሰበቃው ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ «ሽፋን» የሚለው ነገር ራሱ ድንበሩ ይደበዝዛል። ውሃው የት አልቆ ግድግዳው የት ይጀምራል? በ1967 ቢቨርስና ጆሴፍ ቀዳዳማ ግድግዳ አጠገብ የሚፈስ ፈሳሽ ግድግዳው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ እንደማይቆም አሳይተዋል፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይንሸራተታል። የሚዘልቀው በቀዳዳዎቹ ስፋት ያህል ነው። ለልም አጥንት ሲሰላ አንድ ናኖሜትር አካባቢ ይመጣል። ሽፋኑ አንድ ማይክሮን ከሆነ ይህን ርሱት። ሽፋኑ ራሱ ጥቂት ናኖሜትር ሲሆን ግን ያለው ነገር ይሄ ብቻ ነው።

መለካቱም የዚያኑ ያህል አስቸጋሪ ነው። ብረት ላይ የዘይት ሽፋንን ውፍረት በብርሃን መለካት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ብርሃኑ ከብረቱም ከመስታወቱም ነጥሮ ይመለሳል። 90 በመቶ ውሃ የሆነ ጄል ግን ለብርሃን ከውሃው ብዙም አይለይም። የሚነጥረው ብርሃን እዚህ ግባ አይባልም። ጄሉ ደግሞ ለብቻው ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ይሟሽሻል። ስለ ጄል ሽፋን ውፍረት በእርግጠኝነት የሚያወራ ሰው ስታገኙ እንዴት እንደለካው ጠይቁት።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝን አንድ ጥያቄ መልሼ ላብቃ። ይሄ ሁሉ ጥሩ ከሆነ ማሽን ውስጥ ለምን አንጠቀምበትም? ማሽን ይሞቃል፣ ውሃው ይተናል። ግፊቱም በጊጋፓስካል የሚደርስበት ቦታ አለ፤ ተራ ጄል አንድ ሺህኛውንም አይችልም። ጎንግ በ2003 ያስተዋወቀችው ባለ ሁለት መረብ ጄል 90 በመቶ ያህል ውሃ ሆኖ ሳለ ሲጨመቅ እስከ 17 ሜጋፓስካል ችሏል፤ ለጄል ተአምር ነው፣ ለማርሽ ግን ምንም አይደለም። ሕክምና ውስጥ ግን ቦታ አግኝቷል። ወደ ሽንት ቧንቧና ወደ ደም ሥር የሚገቡ ብዙ ቱቦዎች ውሃ ሲነካቸው በሚያብጥ ስስ ፖሊመር ይለበጣሉ።

የተበላሸ ልም አጥንትን በጄል መተካት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ከላይ ያለው ገጹ ምንም ነገር እንዳይዘው ተብሎ የተሠራ ነው። ከታች ያለው ግን አጥንቱን አጥብቆ መያዝ አለበት። ውሃ የጠገበ ነገር ላይ ማጣበቂያ አይይዝም፤ የሚያንሸራትተው ያው ውሃ ነውና። ላቦራቶሪዎች አሁን አብዝተው የሚለፉት ከታችኛው ገጽ ጋር ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።